መሸነፍ የሚችል ፓርቲ
ከማሕሙድ ሃይቤ፣ ሐርጌሳ የወጣ ማኒፌስቶ

እኛ የምንፈልገው መሸነፍ የሚችል ፓርቲ ነው። መሸነፍ የማይችል ፓርቲ መማር አይችልም። መማር የማይችል ፓርቲ መራጩ በዓይኑ ፊት ሲለወጥ አያየውም። መራጩን የማያይ ፓርቲ ደግሞ ወንበሩን የሚለቀው ለድምፅ ሳይሆን ለመከራ ነው። አገራችን ይህን በደም ተምራዋለች፤ ንጉሡም፣ ደርግም፣ ኢሕአዴግም ከሥልጣን የወረዱት በምርጫ ጣቢያ በኩል አልነበረም። ሽንፈትን እንደ ሞት የሚቆጥረው የፖለቲካ ሥርዓት አብቅቷል ብለን እንነሳለን። አብቅቷል ስንል ከወንበሩ ተነስቷል ማለታችን አይደለም። ለነገ የሚያቀርበው ነገር አልቆበታል ማለታችን ነው።

የምንጽፈው ከማሕሙድ ሃይቤ ነው፤ ከሶማሊላንድ መዲና ከሐርጌሳ ወረዳዎች አንዱ። ከጅጅጋ፣ ከድሬዳዋ፣ ከአዲስ አበባ ለሥራና ለንግድ መጥተን እዚህ ቤት ተከራይተን የምንኖር ኢትዮጵያውያን ነን። እንግዶች ስለሆንን ድምፅ አንሰጥም። ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግን ጎረቤቶቻችን ተሰልፈው በሥልጣን ላይ ያለውን ፕሬዚዳንት አወረዱ። የተቃዋሚው የዋዳኒ ፓርቲ ዕጩ ዐብዲራሕማን ሞሐመድ ዐብዱላሂ፣ ሕዝቡ ዒሮ የሚላቸው፣ 63.92 በመቶ አገኙ። ፕሬዚዳንቱ፣ የኩልሚዬ ፓርቲው ሙሴ ቢሂ ዐብዲ፣ 34.81 በመቶ ይዘው ቀሩ፤ ውጤቱን ተቀብለው ታኅሣሥ 3 ቀን አስረከቡ። የሶማሊላንድ ነጻነት በዓለም መድረክ ገና የሚያከራክር ጉዳይ ነው፤ እኛም በዚያ ክርክር ውስጥ አንገባም። የምንይዘው አንድ ነገር ነው፤ ሙሉ መንግሥት ናችሁ ተብለው በአብዛኛው ዓለም ያልተመሰከረላቸው ሰዎች፣ ሙሉ መንግሥት ነን ከምንለው ከእኛ ይልቅ ሽንፈትን አውቀውበታል።

ሁለት ቀኖችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 የፓርላማ ወንበሮች 545ቱን ወሰዱ። በዚያው ዓመት ሰኔ 19 ቀን፣ ከእኛ ድንበር ብዙም ሳይርቅ፣ የሐርጌሳው ገዢ ፓርቲ ኡዱብ ምርጫ ተሸነፈ። ፕሬዚዳንት ዳሂር ራያሌ ካሂን 33 በመቶ አግኝተው፣ ወደ 50 በመቶ ለተጠጉት ለኩልሚዬው አሕመድ ሞሐመድ ሲላንዮ ቦታውን ለቀቁ። በመካከላቸው ያለው አምስት ሳምንት እንኳ አይሞላም። የ545 ወንበር ጌታ የነበረው ፓርቲ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ስሙን ጥሎ ከሰመ። እውነቱን እንናገር ከተባለ የተሸነፈው ኡዱብም ከስሟል፤ በኅዳር 2005 ዓ.ም. በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ላይ የለም። ልዩነቱ፣ ኡዱብ ሲፈርስ አገር አብሮት አልተናጠም። ከሞቱ አሟሟቱ ይላል ያገራችን ሰው፤ እኛም ከሽንፈቱ አሸናነፉ እንላለን።

ሽንፈት ፍርድ ነው ብለን እናምናለን። ሴራ አይደለም፣ የጠላት ሥራ አይደለም፣ የሕዝብ አለማወቅም አይደለም። ድምፅ ሲሰረቅ እንከሳለን፤ በፍርድ ቤትም በአደባባይም እንሟገታለን። ድምፁ በትክክል ተቆጥሮ ከተሸነፍን ግን «ሕዝቡ አልገባውም» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ከአፋችን አናወጣትም። ለዚህ ምስክራችን ራሱ ኩልሚዬ ነው፤ የዛሬው ሳይሆን የጥንቱ። በሚያዝያ 1995 ዓ.ም. ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ድምፅ በተሰጠበት ምርጫ በ80 ድምፅ ተሸነፈ። ሰማንያ! አንድ የሠርግ ድንኳን የሚይዘው ሰው ነው። መሪው ሲላንዮ በትግሉ ዘመን የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ሊቀ መንበር የነበሩ ናቸው፤ በዙሪያቸው የተሰበሰቡት ብዙዎቹ ጠመንጃ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ተቃወሙ፣ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ተረቱ፣ የሽማግሌ ቃል ሰሙ። በረሃ ግን አልወጡም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በተካሄደው የተወካዮች ምርጫ ከ82 ወንበሮች 28 አገኙ። ገዢው ኡዱብ 33፣ ሌላው ተቃዋሚ ፓርቲ ዩሲድ 21 ያዙ፤ የተቃዋሚው ወገን በድምር ገዢውን ስለበለጠ የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤነት ለዚያን ጊዜው የዩሲድ ሰው ለዒሮ ደረሰ። ያን ጊዜ አፈ ጉባኤ የሆኑት ሰው ናቸው ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት። በዚያው ሰሞን በአገራችን ምን እንደሆነ አንባቢ አይረሳውም።

አንረሳውምና እናንሳው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሁሉንም 23 የፓርላማ ወንበሮቿን ለተቃዋሚው ቅንጅት ሰጠች፤ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮችም 137ቱን ጨመረችለት። ከዚያ በኋላ የፈሰሰውን ደም አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሲቪል ሟቾች ብሎ ቆጥሮታል። ከእስሩና ከተኩሱ ባሻገር ግን ኢሕአዴግ ያደረገውን ሌላ ነገር ማጥናት ግድ ይለናል፤ ማን እንደጣለው በትክክል ለይቶ ዐውቋል። የጣለው በደርግ ማብቂያ ሕፃን የነበረ፣ ከተማ ያደገ፣ ትምህርት የቀመሰ፣ ሥራ የሌለው ወጣት ነበር። ያንን ወጣት መጀመሪያ «አደገኛ ቦዘኔ» አለው፤ ቀጥሎ በጥቃቅንና አነስተኛ አደራጀው፣ ኮብልስቶን አስጠረበው፣ ለኮንዶሚኒየም አስመዘገበው፣ የወጣት ፎረምና ሊግ አቋቋመለት፣ አንድ ለአምስት ጠረነፈው። የአባላቱ ቁጥር ከመቶ ሺዎች ወደ ሚሊዮኖች ዘለለ። ይህ ሁሉ መራጩን ለመስማት የተደረገ አልነበረም፤ መራጩን ለመያዝ ነበር። ስለዚህ በ2007 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ፓርላማውን መቶ በመቶ ያዙ፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። መቶ በመቶ ከመረጠ ሕዝብ መካከል የወጣ ተቃውሞ ነው እንግዲህ። በ2009 ዓ.ም. ለወጣቱ 10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ ተመደበ፤ ጥያቄው የገንዘብ ብቻ አልነበረምና በዓመቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ከዚህ የምናወጣው መርሕ የንቅናቄያችን አከርካሪ ነው። ለመራጭ መለወጥና መራጭን መለወጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የድሮው ፓርቲ መራጩ ሲለወጥበት መራጩን አባል አድርጎ ወደ ራሱ ቅርጽ ያጥፈዋል። እኛ የምንሠራው ፓርቲ መራጩ ሲለወጥ የራሱን ቅርጽ ይለውጣል፤ መሪውን፣ ፕሮግራሙን፣ የቢሮውን አድራሻ፣ የስብሰባውን ሰዓት፣ የሚናገርበትን ቋንቋ።

ወደ ሐርጌሳ እንመለስ፤ ትምህርቱ አላለቀም። በ80 ድምፅ መሸነፍን ችሎ ያደገው ኩልሚዬ፣ በሥልጣን ላይ ዐሥራ አራት ዓመት ሲቀመጥ የጣለውን ፓርቲ መሰለ። በ2017 ሃያ ዓመት የሞላው የማሕሙድ ሃይቤ ወጣት፣ ኩልሚዬ ሥልጣን ሲይዝ የአምስት ዓመት ሕፃን ነበር። ሰማንያውን ድምፅ አያስታውስም። በ1980 ዓ.ም. ከተማዋ በአውሮፕላን ስትደበደብ አልተወለደም፤ መታሰቢያው ላይ የቆመውን ሚግ የሚያውቀው እንደ መንገድ ምልክት ነው። የትግል ታሪክ ለእርሱ የአባቱ ታሪክ ነው፤ ያከብረዋል፤ ድምፁን ግን አይሰጥበትም። እርሱ የሚያውቀው ኩልሚዬ፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሊያበቃ የነበረው የፕሬዚዳንቱ ዘመን በጉርቲ ውሳኔ በሁለት ዓመት ሲራዘም ዝም ብሎ የተቀበለውን ነው። ጉርቲ የሽማግሌዎች ምክር ቤት ነው፤ አባላቱን ሕዝብ መርጧቸው አያውቅም። ከመራዘሙ በፊት በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ምርጫው በጊዜው ይካሄድ ብለው ከወጡ ሰልፈኞች የሞቱ አሉ። ቀጥሎ በምሥራቋ ከተማ በላስ ዓኖድ ጦርነት ሆነ፤ ምሥራቁ ከእጅ ወጣ፤ በ2017ቱ ምርጫ ላስ ዓኖድ ድምፅ አልሰጠችም። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የባሕር በር መግባቢያ ሰነድ ለኩልሚዬ ትልቁ የምርጫ ካርድ ነበር። ካርዱ አላዳነውም። መራጩ ሰነዱ ያመጣል ስለተባለው እውቅና ደንታ የለውም ማለት አይደለም፤ በየቤቱ የተቀመጠው ጥያቄ ሌላ ስለነበር ነው።

ጎሳ ሞቷል የሚለን ካለ ሐርጌሳን አያውቅም። ዕጩ ሲመረጥ የጎሳ ስሌት ይሰላል፣ ድጋፍ ሲሰጥ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ የ2017ቱም ድል የጎሳ ጥምረት አለበት። ይሁን እንጂ በግንቦት 2013 ዓ.ም. የሆነውን ያስቡልን። በምክር ቤቱ ምርጫ ከሐርጌሳ ከፍተኛውን ድምፅ ያገኘው በርኻድ ጃማ ባቱን ነው፤ ለዘመናት በተገለለውና ሌሎች ጎሳዎች ጋብቻ እንኳ በሚነፍጉት በገቦዬ ማኅበረሰብ የተወለደ። በጎሳ ስሌት ያ ሰው የትም አይደርስም ነበር። የከተማው ወጣት ግን ከጎሳው ሌላ ነገር ጨምሮ ይዟል፤ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ የሥራ ፍለጋ ብሶት፣ በስልኩ የሚያየው ዓለም። ይህን ያየ ፓርቲ አዲስ መራጭ አገኘ፤ ያላየው ደግሞ እንደ ዩሲድ ሆነ። ዩሲድ በአራት ተከታታይ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫዎች አንድ ሰው ብቻ አቀረበ፤ መሥራቹን ፈይሰል ዓሊ ዋራቤን። በ2002 ዓ.ም. 17 በመቶ፣ በ2010 ዓ.ም. 4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 0.74 በመቶ። የሶማሊላንድ ሕገ መንግሥት ከሦስት በላይ ፓርቲ አይፈቅድም፤ በ2017 ሦስተኛውን ቦታ ካህ የተባለው ፓርቲ ወሰደው፣ ዩሲድም ከሕጋዊ ፓርቲነት ወጣ። መሥራቹ ደፋርና ተናጋሪ ሰው ናቸው፤ አንደበታቸው ብዙ ጊዜ አስቆናል። የሰው ጥንካሬ ግን የፓርቲን እርጅና አይሸፍንም።

ከዓለም አንድ ማስጠንቀቂያ እንውሰድ፤ መራጭን በቆጠራ ሰንጠረዥ ብቻ ማንበብ ያስታል። በአሜሪካ ሪፐብሊካኑ ፓርቲ ሚት ሮምኒ በባራክ ኦባማ ከተሸነፉ በኋላ ራሱን አስመረመረ፤ በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት ለላቲኖዎች፣ ለጥቁሮችና ለወጣቶች በሩን እንዲከፍትና የስደተኞች ሕግ ማሻሻያን እንዲደግፍ ተመከረ። ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ዶናልድ ትራምፕ የምክሩን ተቃራኒ ይዘው አሸነፉ። ዲሞክራቶቹም የሕዝቡ ስብጥር ራሱ ሥልጣን ያመጣልናል ብለው ሲጠብቁ፣ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. የብዙ ላቲኖዎች ድምፅ ወደ ትራምፕ ሄደ። ስለዚህ «ወጣቱ የእኛ ነው»፣ «ሴቷ የእኛ ናት»፣ «የዚህ ብሔር ድምፅ በኪሳችን ነው» የሚል ፓርቲ ሁሉ ተሳስቷል። የማንም ድምፅ በማንም ኪስ የለም። ይህን የቦትስዋናው ገዢ ፓርቲ በዚያው ሰሞን አይቷል፤ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይቋረጥ ገዝቶ በአንድ ምርጫ አራት ወንበር ብቻ ቀረው።

ሰንጠረዡን እንጠራጠራለን እንጂ አንንቀውም። አገራችን ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ሕዝቧን አልቆጠረችም። ያኔ 74 ሚሊዮን ገደማ ነበርን። ከዚያ ወዲህ የተወለደው ልጅ ዛሬ ወደ ምርጫ ዕድሜ ደርሷል፤ የትኛውም ፓርቲ ብዛቱን በእርግጠኝነት አያውቅም። የአዲስ አበባ ፓርቲዎች አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ካዛንቺስ እያሉ የሚያወሩለት መራጭ በብዛት እዚያ የለም። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ገብቷል፤ የካዛንቺሱ ሰው በኮሪደር ልማት ተነስቶ ገላን ጉራ ሰፍሯል። የመንደር ዕድሩ ተበትኗል፣ የቡና ጎረቤቱ ተለውጧል፣ ቀበሌ የሚያውቀው ሰው የለም። ገበሬው በድርቅና በጦርነት ከቀዬው ተፈናቅሎ መጠለያ ውስጥ ነው። የፓርቲው ዝርዝር ግን ዛሬም በድሮው ቀበሌ ቁጥር ይጠራዋል። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ ብልጽግና ውጤታቸው ከተገለጸ 436 ወንበሮች 410 ሲወስድ፣ ተቃዋሚዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ። የምርጫው ሜዳ ምን ያህል ተዳፋት እንደነበር እናውቃለን፤ በዚያ ላይ ተናግረናል፣ እንናገራለንም። ግን ሜዳው ቀና ቢሆን ኖሮ የጀሞው አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ተከራይ ለእኛ ትመርጥ ነበር ወይ? ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ የተሸነፈ ፓርቲ እንፈልጋለን።

እንዲህ ያለውን ፓርቲ እንሠራለን። ስሙን ማውጣቱን ለኋላ አቆይተነዋል፤ በአገራችን ስም ያላቸው ፓርቲዎች አላነሱምና። ምርጫ በተሸነፈ በሦስት ወር ውስጥ የየምርጫ ጣቢያውን ውጤት በግልጽ አሳትሞ፣ የት እንደወደቀና ለምን እንደወደቀ ለአባላቱ ብቻ ሳይሆን ለጣሉትም ሰዎች ይናገራል። ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ሊቀ መንበር ሦስተኛ አይወዳደርም፤ ይህ በደንብ ይጻፋል፣ ለመሥራቹም አይላላም። ገንዘቡ ከአባላት መዋጮ ይመጣል፤ ከቤተ መንግሥትም ከዲያስፖራ ባለሀብትም ትእዛዝ ይዞ የሚመጣ ብር አይነካም። ዲያስፖራው ይመክረናል እንጂ ከዋሽንግተን ሆኖ የጎንደርን ወጣት አያዘምትልንም።

ስለ ሴቶች የምንለው ሐርጌሳንም ይወቅሳል። በ2013ቱ የተወካዮች ምርጫ 13 ሴቶች ተወዳድረው ከ82 ወንበር አንዱንም አላገኙም። ሰልፍ ላይ ግን ሴቶች ሞልተው ነበር፤ በገበያውም ላይ የንግዱን ትልቅ ድርሻ የያዙት እነርሱ ናቸው። ይህ ዕዳ የሦስቱም ፓርቲዎች ነው፤ አሸናፊውም ከዕዳው ነጻ አይደለም። ዕጩ የሚጠራው በጎሳ ጉባኤ እስከሆነ ድረስ፣ ጉባኤው ላይ ለማትቀመጥ ሴት ወንበር አይደርሳትም። በእኛ ፓርቲ ዕጩን የሚመርጠው የአካባቢው አባል በምስጢር ድምፅ ነው፤ ማዕከላዊ ኮሚቴ የሰረዘውን ስም አባል ይመልሰዋል። ኮታ እናስቀምጣለን፤ ግን ኮታ ዕጩ የሚጠራበትን በር ካልለወጠ ጌጥ ብቻ እንደሚሆን እናውቃለን።

ስብሰባችንን ሰው ካለበት እናደርጋለን። ፋብሪካ ፈረቃ የምትሠራ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት አዳራሽ አትመጣም፤ የራይድ ሹፌር ከሰዓት በኋላ አይሰበሰብም። ፓርቲው በእነርሱ ሰዓት ይሰበሰባል። የወጣት ክንፍ አናቋቁምም። ወጣቱ ክንፍ የሚሆንበት ፓርቲ አካሉ ሽማግሌ ነው፤ እኛ ወጣቱን ሥራ አስፈጻሚ ውስጥ እናስገባዋለን። ሽማግሌውን አናባርርም፤ ሥራው መምከር ነው፣ ምክሩንም እንፈልገዋለን።

ተቃዋሚ ሆነን ስንቀመጥ አናኮርፍም። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት አዲስ አበባን አሸንፎ ምክር ቤቱን ሳይረከብ ቀረ፤ እስሩ ቢመጣም ባይመጣም ያ ውሳኔ መራጩን ባዶ እጁን መልሶታል ብለን እናምናለን። ይህን ፍርድ ብዙ ወዳጆቻችን አይወዱልንም። በ2000 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ያንኑ ምክር ቤት ያለ በቂ ተፎካካሪ ጠቅልሎ ያዘው። የሐርጌሳ ተቃዋሚዎች በ1998 ዓ.ም. የተሰጣቸውን ወንበር ተቀምጠውበታል፤ በ2013 ዓ.ም. ዋዳኒ 31፣ ኩልሚዬ 30፣ ዩሲድ 21 ሲያገኙ፣ ሁለቱ ተቃዋሚዎች ተጣምረው አፈ ጉባኤነቱን ከገዢው ወሰዱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቤተ መንግሥቱ ተከተለ። አንድ ወንበር ብናገኝ አንዷን ወንበር እንቀመጥባታለን፤ በጀቱን መስመር በመስመር አንብበን የእኛን አማራጭ ቁጥር እናቀርባለን።

ሐርጌሳ ላይ የሰማነው ሹክሹክታ ደግሞ አለ። ዋዳኒን የመረጠው ወጣት በአምስት ዓመቱ ዋዳኒን ሊያወርደው ይችላል ይላሉ። ይህ ለዋዳኒ ስጋት፣ ለኩልሚዬ ዕድል፣ ለሐርጌሳ ሰው ደግሞ ተራ ነገር ነው። በአገራችንም ተራ ነገር እንዲሆን እንሠራለን፤ ሥልጣን የያዘ ሰው ወደ ቤቱ በሰላም እንደሚመለስ እያወቀ ይገዛል፣ የተሸነፈ ፓርቲ ቢሮው እንደማይታሸግ እያወቀ ያጠናል፣ መራጭ ሐሳቡን ሲለውጥ እንደ ከሃዲ አይታይም። ለዚህ ነጻ የምርጫ ቦርድ፣ ነጻ ፍርድ ቤትና ከፓርቲ የተለየ ጦር ያስፈልጋሉ። እነዚህ እስኪሟሉ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም፤ የፓርቲውን ውስጥ ማደስ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

የተሸነፋችሁ ፓርቲዎች ሆይ፣ ቢሯችሁ በአዲስ አበባም ይሁን በባሕር ዳር፣ በጅጅጋም ይሁን በሐዋሳ፣ ከመሳቢያችሁ የምርጫ ጣቢያ ውጤታችሁን አውጡ። ዝቅተኛ ድምፅ ያገኛችሁበትን ጣቢያ ለዩ። ነገ ጠዋት ወደዚያ ሰፈር ሁለት ሰው ላኩ፤ መፈክርና ቲሸርት አይያዙ። በር አንኳኩተው ለምን እንዳልመረጧችሁ ይጠይቁ፤ መልሱን ሳይከራከሩ ይጻፉት፤ ይዘውላችሁ ይምጡ።